በስልክ የሚበላ ምሳ

እንቅልፍ እንደሆነ እምቢ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲገላበጥ አድሮ ይኸው ነጋ፣ የቆሻሻ መኪናው ከመስኮቱ ሥር ጠርሙስ እያንቃጨለ ካለፈም ቆየ፣ ከላይ ቤት ያለው ሰውዬ ሻወሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ደረጃውን ወረደ፣ እሱ ግን አሁንም ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጠ ነው። ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ነው። በዕረፍት ቀን ይታረፋል ያለው ማን እንደሆነ ቢያገኘው ሁለት ቃል ይነግረው ነበር። ሥራ ላይማ ጥሩ ነው፣ ሥራ ላይ ማሽኑ እየጮኸ ሐሳብህን ይውጥልሃል፣ አንሶላ ትዘረጋለህ፣ አንሶላው ይታጠፋል፣ ሌላ አንሶላ ትዘረጋለህ፤ እዚህ ግን ከራስህ ጋር ብቻህን ቀርተህ ትፋጠጣለህ። ዛሬ ይደውላል። አለቀ፣ ይደውላል፣ የሚያመካኝበት ነገር የለውም፣ ፈረቃ የለ፣ ኃላፊ የለ፣ ስልኩም እንደ ሥራ ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ አልተቆለፈበትም፣ ከትራሱ ሥር ነው ያለው፣ ሞቋል እንኳ። ሲደውል ደግሞ አንድ ነገር ይሰማል፣ ወይ አባባ እየበሉ ነው፣ ወይ አባባ አልበሉም። ነገሩ ሌላ የለውም። እሱ ሳይደውል በሰነበተባቸው በእነዚህ ቀናት በአባቱ አፍ እህል ዞሯል ወይስ አልዞረም? ይህን ነው የፈራው፣ ይህን ፈርቶ ነው ዓይኑ እንደፈጠጠ ያደረው።

አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ነበሩ ማለት ደግሞ ይከብዳል፣ ናቸው፣ ሱቁ ቢዘጋም ሰውዬው አልተዘጉም። ሚዛን በአውራ ጣታቸው ተጭነው የማያውቁ፣ ሥጋው ያደረ ከሆነ "ይሄ ላንቺ አይሆንም፣ ነገ ነይ" ብለው ደንበኛ የሚመልሱ፣ በዚህም እናቱን ጨጓራዋን የሚልጡ ሰው ናቸው። ስኳሩ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ሲወስደው፣ መጀመሪያ የደንበኛውን ፊት፣ ቀጥሎ የቢላዋውን ስለት፣ ከዚያ ሁሉንም፣ እሳቸው ምን ቸገራቸው፣ በጆሯቸው ማየት ጀመሩ። ጎረቤት መጥበሻ ሲጥድ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው "ይሄ የሽንጥ ነው" ይላሉ፣ "ይሄ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ ነው፣ ጩኸቱ አይሰማችሁም እንዴ?" ይላሉ፤ ሰው ሄዶ ጠይቆ ሲመለስ ልክ ሆነው ይገኛሉ። የተፈጨ ሥጋ ላይማ ፈላስፋ ናቸው። "የተፈጨ ሥጋ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ የተፋውን መልሶ ይጠጣል፣ ሲጠግብ በራሱ ቅባት ይዘፍናል። ሳይዘፍን ዘይት የሚጨምርበት ሰው ሥጋም አያውቅ፣ ሰውም አያውቅ" ይሉ ነበር፣ ይላሉ፣ አሁንም ይሉ ይሆናል፣ የሚሉበት አቅም ካላቸው። እናቱ የሞተች ጊዜ እኚህ ሰው እህል አልቀምስም አሉ። አለቀሱ ቢባል ደግ ነበር፣ አላለቀሱም፣ ዝም ብለው አፋቸውን ዘጉ። ጎረቤት ለመነ፣ ሐኪም ተቆጣ፣ እህቱ እግራቸው ሥር ወድቃ አለቀሰች፣ ወይ ፍንክች። "ልጄ በሰው አገር ምን እየበላ እንደሆነ ሳላውቅ እኔ እዚህ ምን ብዬ ነው የምጎርሰው" አሉ። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው መምጣት አለመቻሉን አንድም ቀን በክፉ አላነሱበትም፣ ይህችን ብቻ ነው ያሏት፣ ይህችው በቃችው።

እህቱ ታናሹ ናት፣ ልብስ ሰፊ፣ አባቷን ይዛ የቀረች። "ጋሼ፣ አባባ ሊሞቱብኝ ነው" ብላ የደወለች ቀን እሱ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ ወጥ ቤት ቆሟል፣ አንድ እጁ ማማሰያ ይዟል፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆታል፣ እሷ ደግሞ ድምፁን ከፍታ አባትየው አጠገብ አስቀምጣዋለች፣ እና በድንገት እኚያ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆሙ ሰውዬ "ምንድነው እሱ የሚንጫጫው?" አሉ። መጥበሻው ነው አባባ። "መጥበሻውስ መጥበሻ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ምንድነው?" እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። እዚህ ጋ አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረችው፣ እውነቱን ተናግሮ ሊገላገል ይችል ነበር፣ ግን የአባቱን ድምፅ ሰማ፣ ድምፃቸው ቆዳና አጥንት ሆኗል፣ እና "ሥጋ ነው አባባ፣ የተፈጨ ሥጋ" አለ። "እስቲ ስልኩን አስጠጋው።" አስጠጋው። አዳመጡ። አዳመጡና "አንቺ፣ ለኔም አምጪልኝ፣ ልጄ እየበላ ነው" አሏት። እህቱ ስትሮጥ ወንበር ገጭታ ስትጥል እዚህ ድረስ ተሰማው።

ሥጋ አልነበረም። ሥጋ ከየት ይመጣል? ይህን ክፍል ያከራየችው ሴትዮ ሥጋ ከደጃፌ አያልፍም ባይ ናት። ሌላው ሁሉ የደመወዝ ማስረጃ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት፣ ምንነቱን የማያውቀው ቁጥር አምጣ እያለ ሲያንከራትተው እሷ ብቻ ናት ቁልፉን አውጥታ "አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ" ያለችው። ድስቶቿ ሥጋ ነክተው አያውቁም፣ ማቀዝቀዣዋ ሥጋ አድሮበት አያውቅም፣ ሽታውን ገና ከደረጃው ትለየዋለች። የሥጋ ሻጭ ልጅ እሺ አለ። ምን ይበል፣ ሻንጣው እኮ በር ላይ ቆሟል። እንደ ገባ ሰሞን ከደግነቷ የተነሳ አንድ ከረጢት ሰጠችው፣ ላዩ ላይ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የተፈጨ ሥጋ ተሥሎበታል፣ ከሥዕሉ በታች ደግሞ ሥጋ የለውም ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ሥጋ የሌለበት የተፈጨ ሥጋ። ከሶያ የተሠራ፣ ደረቅ፣ ግራጫ፣ ለዶሮ የሚበተን ጥሬ የሚመስል ነገር። አስመሳዩ ብሎ ስም አወጣለት። እና የአባቱ ልጅ አይደለ፣ የተማረውን አደረገ፤ መጥበሻውን ጥዶ አጋለው፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ አስመሳዩን በደረቁ ገለበጠበትና ውሃውን እስኪተፋ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። ጠበቀ። ሶያ ምን ውሃ አለውና ይተፋል። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ሕንፃውን አናወጠው፣ ከላይ ቤት ያለው ሰውዬ ፎጣ አገልድሞ ወረደ፣ አከራዩም "ማሸጊያው ላይ እኮ ተጽፏል፣ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ከዚያ ጨምቀው፣ ከዚያ በዘይት" አለችው፣ እሱ መስኮት ከፍቶ በትሪ ጭስ እያራገበ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። እናቱ ያኔ በሕይወት አለች። ደውሎ ሲነግራት በሳቅ ፍርስ ብላ "ለአባትህ እንዳትነግረው፣ ልጅነትህን ይክድሃል" አለችው። አልነገራቸውም።

አንዴ ከዋሸ በኋላ ግን ሙያው ያንን ማስመሰል ሆነ። ይዘፈዝፈዋል፣ አይጨምቀውም፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ከጋለው መጥበሻ ጋር ሲገናኝ ሽሽሽ ይላል፣ ያ ሥጋው ውሃውን ሲተፋ ነው። ቆይቶ ረገብ ይላል፣ ያ ሲጠጣ ነው። ከዚያ ዘይቱን ከዳር ቀስ አድርጎ ጠብ ያደርጋል፣ ማንኪያው ጠርሙሱን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ያ ቅባቱ ሲመጣ ነው። እንዲህ ሲሠራ አስመሳዩ ለምላስ የራሰ ካርቶን ነው፣ ለጆሮ ግን ሥጋ ነው፣ እና የሚሠራው ለጆሮ ነው። አባትየው ከወዲያ ሆነው "ቆይ፣ አትንካው፣ ገና ነው" ይላሉ፣ "አሁን አማስለው"፣ "እሳቱን ቀንስ አንተ ጎረምሳ" ይላሉ፣ ጸጉሩ ሸብቶ ለእሳቸው ጎረምሳ ነው፣ "በል ቅመስ" ሲሉ ይቀምሳል፣ እሳቸውም ይጎርሳሉ። በኋላ እህቱ "ሳህኑን ጨርሰዋል" ብላ ትጽፍለታለች፣ መጋረጃውን ዘግቶ በዚያች መልእክት ላይ ይተኛል። እየበሉም ይጠይቁታል። "ሰው አለህ ወይ? አብሮህ የሚቀመጥ ጓደኛ አለህ? ደህና ነህ ልጄ?" እሱ ምን ይላል፣ "እየመጠጠ ነው አባባ" ይላል። የተጠየቀውን መልሶ አያውቅም፣ የሚያወራው ስለ መጥበሻው ነው፣ መጥበሻው ላይ ያለው ደግሞ ውሸት ነው። አንዲት ቁራጭ ሰው አታልለው የማያውቁትን ሰውዬ ዓይናቸው ሲጠፋ ጠብቆ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ያታልላቸዋል። አንጀቱን ያሳርረዋል ይሄ። ቢሆንም ይበላሉ፣ ጉንጫቸው ሞላ አለ ብላዋለች እህቱ፣ ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግ?

ከዚያ ፈረቃው ተቀየረ። የሚሠራው ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፣ የሆስፒታል አንሶላና የሆቴል ፎጣ በጋሪ እየተገፋ ይገባል፣ በጋሪ እየተገፋ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ቅንድብ ያረጥባል። ፈረቃ የሚያወጣው ሰው አይደለም፣ ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ማታ ተኝተህ ጠዋት ስትነሳ ኑሮህን ገለባብጦልህ ታገኘዋለህ። ከሌሊት ወደ ቀን አዛወረው። ሌላው ሠራተኛ እንኳን ደስ ያለህ አለው፣ የቀን ፈረቃ ተለምኖ የማይገኝ ነገር ነው፣ እሱ ግን በጣቱ ሰዓት ቆጠረ። የቀን ፈረቃ ማለት አባቱ ምሳ ሲቀርብላቸው እሱ ማጠፊያው ማሽን ላይ ነው ማለት ነው፣ ሲወጣ ደግሞ እሳቸው ተኝተዋል። የፈረቃ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ። ክፉ ናት ብሎ እንዳይገላገል ደግ ሴት ናት።

"አባቴን ምሳ ማብላት አለብኝ" አላት።

"አባትህ ካንተ ጋር ነው የሚኖረው?"

"አይ፣ አገር ቤት ነው።"

"ታዲያ እንዴት ነው የምታበላው?"

"በስልክ።"

ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ ይቅርታ ጠየቀችው፣ ኮምፒውተሩን አዙራ አሳየችው። በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ታማሚ የሚል አለ፣ ለሕፃን የሚል አለ፣ ለነፍሰ ጡር የሚል አለ፣ በስልክ ለሚበላ አባት የሚል የለም። "የቱ ጋ ላስገባህ?" አለችው ከልቧ ተጨንቃ። የቱም ጋ አትገባም አለችው ወይስ አልገባም አላት፣ አያስታውስም፣ ብቻ አመስግኖ ወጣ። ተከልክሎ ማመስገን እዚህ አገር ነው የተማረው።

እና መደወሉን ተወ። ማታ ማታ "ዛሬም አልቻልኩም" ብሎ ይጽፋል፣ እህቱ "አታስብ ጋሼ፣ ደህና ናቸው" ብላ ትመልሳለች። ሳህኑን ጨርሰዋል የምትለዋን ግን መጻፍ አቁማለች። ለምን አቆመች? ይህን ደፍሮ አልጠየቃትም፣ ሲጽፍ ይሰርዛል፣ ሲጽፍ ይሰርዛል። ደህና ናቸው ማለት ምን ማለት ነው? እናቱንም እኮ እስከ መጨረሻዋ ቀን ደህና ናት ሲሉት ነው የከረሙት። ደህና ናቸው የሚባለው ለሩቅ ሰው ነው፣ ቅርብ ያለ ሰውማ ገብቶ ያያል። አሁን አልጋው ላይ ተጋድሞ ያያቸዋል፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ የእጃቸው ሰዓት እስከ ክርናቸው ወጥቷል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል፣ እህቱ ማንኪያ ይዛ ቆማለች፣ "ልጄ ደወለ?" ይሏታል፣ አልደወለም ለማለት አንደበቷ ተሳስሮ "ይደውላል" ትላቸዋለች፣ "እንግዲያው ልጠብቀው" ብለው አፋቸውን ይዘጋሉ። ይጠብቃሉ። እሱ ማሽኑ ላይ አንሶላ ሲዘረጋ እሳቸው ይጠብቁታል። አባቱን ገደለ። ሰው በፈረቃ አባቱን ይገድላል እንዴ? ይገድላል፣ ይኸው ገደለ፣ ወይም እየገደለ ነው፣ ወይም ዛሬ ቢነሳና ቢደውል ገና ሊያተርፋቸው ይችላል። ተነሳ።

ወጥ ቤት ሲገባ አከራዩ ጠረጴዛው ላይ መነጽሯን አድርጋ ጋዜጣ ታነባለች። "ሳትተኛ ነው የነጋብህ" አለችው፣ ቀና ብላ ሳታይ። ግድግዳው ስስ ነው፣ የአልጋው ሲጥሲጥታ ያልፋል። እንቅልፍ አስቸገረኝ አላት። ከረጢቱን ሲያወርድ አይታ ፈገግ አለች፣ "ሥጋ መተውህ ግን ፊትህን አበራው፣ ራስህን በመስታወት አትይም?" አለችው። አመሰገናት። ጋዜጣዋን አጣጥፋ ወጣችለት፣ ሲደውል ሰው ባይኖር እንደሚወድ ታውቃለች፣ እንዲህ ያለውን ታውቃለች። ሳህን አወጣ፣ ውሃ አፈላ፣ አስመሳዩን ዘፈዘፈው፣ አበጥ አበጥ ሲል ቆሞ አየው። መጥበሻውን ጣደ። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ደወለ። አገር ቤት የምሳ ሰዓት ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ አንሺው፣ ጠራ።

"ጋሼ? ሥራ አልገባህም እንዴ?" እህቱ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

"ዕረፍት ነኝ። አባባስ?"

"ደህና ናቸው። ምሳ ላቀርብላቸው ነው።"

"ይበላሉ?"

"ይበላሉ እንጂ። ወፈር ሁሉ ብለዋል።"

ወንበር ሳበ፣ ተመስገን አለ፣ ተመስገን ተመስገን፣ እና እንባው እየመጣ ሳለ ጥያቄው ቀደመው። "እንዴት? እኔ ሳልደውል?"

ከወዲያ የልብስ ስፌት መኪናው ሲሄድ ይሰማ ነበር፣ ቆመ። "እንዳትቆጣኝ ጋሼ። አንድ ቀን ስትጠብስና ስታወራቸው ለማስታወሻ ብዬ በአሮጌው ስልክ ቀድቼ ነበር። ፈረቃህ የተቀየረ ጊዜ ምሳ ሳቀርብላቸው ገፉት። በነጋታውም ገፉት። ምን ላድርግ፣ እሱን ከፈትኩላቸው።"

"አላወቁም?"

"ምኑን ያውቃሉ? አንተም ስትደውል የምትመልስላቸው ልክ እንደዚያው ነው" አለች። በክፋት አይደለም፣ እህቱ ክፋት አታውቅም። "ደግሞ ጋሼ፣ ዘንድሮ አእምሯቸው እየደከመ ነው፣ ያንኑ በየቀኑ ሲሰሙት አዲስ ይሆንላቸዋል። እየተጫወቱ ይበላሉ። ልነግርህ ፈልጌ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ተውኩት።"

ደስ ሊለው ይገባል። አባቱ በልተዋል፣ አልገደላቸውም፣ የፈራው ሁሉ ውሸት ነበር፣ ደስ ብሎታል፣ በእርግጥ ደስ ብሎታል፣ ታዲያ እንባው የት ገባ? ሌሊቱን ሙሉ የተቃጠለው ለምኑ ነው? እሱ እዚህ በጭንቅ ሲያልቅ የተቀዳው እሱ እዚያ በየቀኑ ምሳ ሲጠብስ ነበር፣ ሳይደክም፣ ሳይቀር፣ ፈረቃ ሳይቀየርበት። "ዛሬ እኔ አለሁ" አላት። "አገናኚኝ።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ይለፍና..."

"አገናኚኝ አልኩሽ። አባቴ አይደሉም እንዴ?"

ተነስታ ስትሄድ ነጠላ ጫማዋ ሲንሸራተት ሰማ፣ እሱም እጁ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ፣ አስመሳዩን ከሳህኑ አንስቶ በወንፊት ላይ ጥብቅ አድርጎ ጨመቀው። ይህን ልብ አላለም። ለብቻው የሚበላ ሰው ለጆሮ አይሠራምና እነዚህን ቀናት ሁሉ ማታ ማታ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሲሠራ ከርሟል፣ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ በዘይት፣ እጁ ያንን ለምዷል። "አባባ፣ ልጅዎ ነው" አለች እህቱ ከወዲያ፤ "እሰይ፣ እስቲ አስጠጋው" አሉ አባቱ፤ እሱ ገለበጠው፣ መጥበሻውም እንደ ጠጠር ኮሽ ኮሽ ብሎ ዝም አለ።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ።

"ሥጋ ነው አባባ።"

"ውሃው የታል?"

ያን ጊዜ ገባው። ደርሶ ኩባያውን አንስቶ ውሃ ደፋበት፣ መጥበሻው ጭስስስ ብሎ ፊቱን አቃጠለው፣ በዚያው ዘይቱን አንቆረቆረ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጫ፣ መትፋቱ ከመዝፈኑ ተደባለቀ። አባትየው ሁሉንም ሰሙት።

"ይሄ ሥጋ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ማን ነህ?"

"እኔ ነኝ አባባ። ጎረምሳው።"

"ጎረምሳው ሥጋ መጥበስ ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

እንግዲህ ምን ቀረው። እሳቱን አጠፋው፣ ስልኩን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ አፉ አስጠጋውና ተናገረ። "አባባ ይስሙኝ፣ እውነትዎን ነው፣ ሥጋ አይደለም። መቼም ሥጋ አልነበረም። ሶያ ነው፣ እህል ነው፣ እዚህ የምኖርበት ቤት ሥጋ አይገባም፣ እኔ ነኝ ውሃውን የምጨምረው፣ ዘይቱንም እኔ ነኝ፣ እርስዎ እንዲበሉ ብዬ ነው። ሰው አለህ ወይ ሲሉኝ ሰው የለኝም አባባ። ደህና ነህ ሲሉኝ ደህና አይደለሁም። አልተኛም። የሚያበላኝ ቀርቶ ስበላ የሚያየኝ የለም።" ስንት ዘመን ያልተናገረው ሁሉ ወጣ፣ ሲወጣም ቀለል አለው፣ አሁን ይቆጡኝ፣ አሁን ይስደቡኝ፣ አንተ ውሸታም ይበሉኝ፣ ብቻ አንተ ይበሉኝ ብሎ ጠበቀ።

አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ለማያውቁት ሰው በሚናገሩበት ትሕትና፣ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ተሳስተህ ነው የደወልከው" አሉት። "የኔ ልጅ አይዋሽም። ሥጋ ነው የሚበላው፣ በየቀኑ እሰማዋለሁ።" ፊታቸውን ወደ እህቱ ሲያዞሩ ድምፃቸው ራቀ። "አንቺ፣ ይሄን ውሰጂልኝ። ልጄ የሚደውልበት ሰዓት ነው፣ መስመሩ እንዳይያዝበት።" ሳህን ሲገፋ ጠረጴዛው ላይ ተፋተገ።

እህቱ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች። እያለቀሰች ነው፣ እንዳያውቅባት ትንፋሽዋን ትይዛለች፣ ያውቃል። "ጋሼ፣ ሊቀዘቅዝባቸው ነው። ልክፈትላቸው?"

ምን ይበላት? አትክፈቺ ቢላት አይበሉም። አትክፈቺ የሚለው ሐሳብ አንዴ ብልጭ አለበት፣ አይበሉ፣ እኔን እስኪያውቁ አይበሉ የሚል ክፉ ሐሳብ፣ እና በራሱ ደነገጠ። "ክፈቺላቸው" አላት።

"አንተንስ ልዝጋህ?"

"አትዝጊኝ። ዝም እላለሁ።"

ስልኩን እንደተከፈተ ከስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው፣ አሮጌውን አነሳች፣ እና ሽሽሽ የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። የራሱን መጥበሻ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ሥጋ ነው። ምንም አይወጣለትም፣ ሥጋ ነው፣ የአባቱን ሱቅ የሚያውቅ ሰው እንኳ ይምልበታል፣ እሱ ራሱ ምራቁን ዋጠ። ውሃውን ተፋ፣ መልሶ ጠጣ፣ ከዚያ መዝፈን ሲጀምር አንድ ወጣት የሚመስል፣ ሳቂታ ሰው "መጣ መጣ አባባ" አለ፣ አባቱም "አትቸኩል" አሉት፣ ሰውዬውም ልክ በሰዓቱ "እሺ አባባ" አለ። ሳህኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባቱ ጎረሱ። ሲያላምጡ ይሰማዋል፣ መንጋጋቸው ቀጭ ይላል፣ ድሮም ቀጭ ይል ነበር። እዚህ አስመሳዩ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀዝቅዟል፣ አፉን በመዳፉ ይዞ ቆሟል፣ ትንፋሹ እንዳይሰማ።

"ቅድም አንድ ሰው ደውሎ ነበር" አሉ አባቱ እያላመጡ። "ልጅዎ ነኝ አለኝ።"

"እየመጠጠ ነው አባባ" አለ ሰውዬው።

"አላመንኩትም። አሳዘነኝ ግን። ድምፁ የራበው ሰው ድምፅ ነው፣ ይሄን እኔ አላጣውም። ምናልባት ዘመድም የለው።" አሰብ አደረጉና ሌላ ጎረሱ። "ካለህበት ሩቅ ካልሆነ እስቲ ፈልገህ አብላው።"

አሮጌው ስልክ ውስጥ ማንኪያ ሳህን ነካ፣ ሰውዬው አፉን ሞልቶ ሳቀ።

"እኔ እየበላሁ ነው አባባ፣ እርስዎም ይብሉ" አለ።

አባቱ እሺ ብለው በሉ።